ቡዳው መጋረጃው ላይ ይውጣ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለሚታይበት የመጀመሪያው ቤት ሕዝቡ ያወጣለት ስም «የሰይጣን ቤት» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ የተከፈቱት ሲኒማ ቤቶች የንጉሥና የአገር ስም እየያዙ ቢመጡም ያ የመጀመሪያ ስያሜ በከተማዋ ታሪክ ውስጥ ተተክሎ ቀርቷል። ጸሐፍት ይህን ስያሜ ሲያነሡት አብዛኛውን ጊዜ የዘመኑን ሰው አላዋቂነት ለማሳየት ነው። ፍርዱ የችኮላ ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ፣ ሥጋ የሌለው ሰው ሲራመድና ሲስቅ ያየ ተመልካች ያየውን ነገር ከመናፍስት ወገን ቢመድበው የሲኒማን ጠባይ አልሳተም። ሲኒማ ከሥሩ የጥላ ጥበብ ነውና። ሰውዬው ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንኳ በዚያው ጨርቅ ላይ ይራመዳል፤ ይስቃል።

ዛሬ መላውን ሲኒማ የሰይጣን ቤት የሚል የለም። ስሙ ግን ለአንድ ዘርፍ ተቆርሶ የተቀመጠለት ይመስላል፤ ይኸውም አስፈሪ ፊልም ለሚባለው ነው። ስለ ፍቅር ፊልም፣ ስለ ታሪክ ፊልም፣ ስለ ኮሜዲም እንኳ መጣጥፍ ይጻፋል፤ ጉባኤ ይጠራል። አስፈሪ ፊልም ሲነሣ ግን ሐያሲው ፊቱን ያዞራል። ጠጋ ብለው ምክንያቱን ሲጠይቁት በመጀመሪያ ነገሩ ኪነ ጥበብ ሳይሆን የገበያ ጩኸት ነው ይላል። ይህ ካላስኬደው ዘርፉ ባዕድ ነው፣ በኢትዮጵያ መሬት ላይ ሥር የለውም ይላል። ሁለቱም ካልሠሩለት የመጨረሻውን ይመዛል፤ ረሀብና ጦርነት ላየ ሕዝብ ምን ተጨማሪ ፍርሃት ያስፈልገዋል ብሎ ይጠይቃል። ይህን ሐያሲ ለመርታት ስለ ቦሪስ ካርሎፍና ስለ ቤላ ሉጎሲ ማውራት ብቻውን አይበቃም። ስለ ፍላቂት ሌሊትም መናገር የግድ ይሆናል።

ኪነ ጥበብ አይደለም የሚለው ክስ ከሁሉ ይልቅ ደካማው ስለሆነ ቶሎ ማለፍ ይቻላል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትንና ማክቤዝን ወደ አማርኛ ሲመልስ የተገደለው ንጉሥ መንፈስና የበረሃ ጠንቋዮች አብረው መጥተዋል። ያን ጊዜ መድረኩ ረከሰ ያለ አልነበረም። መንፈስ ከእንግሊዝ ባለቅኔ ብዕር ሲወጣ ክብር ሆኖ፣ ያው መንፈስ ከካሜራ ሲወጣ ውርደት የሚሆንበት ሚዛን የጥበብ ሚዛን አይደለም። ለነገሩ የአገሪቱ ዘመናዊ ቴያትር አባት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ ለመድረክ ያበቃው የመጀመሪያው ተውኔት ሰዎች ሳይሆኑ አውሬዎች የሚናገሩበት ነበር። ተውኔቱ የታገደውም አውሬዎቹ ለሰዎቹ እጅግ ስለተመሳሰሉ ነው።

ስለ ተዋንያኑ ግን ቆም ብሎ መናገር ይገባል፤ ንቀቱ ከሁሉ በላይ የጐዳው እነርሱን ነውና። ሎን ቼኒ የተወለደው መስማትና መናገር ከማይችሉ ወላጆች ነው። በልጅነቱ ከእናቱና ከአባቱ ጋር ሲነጋገር የነበረው በእጁና በፊቱ ነው። ድምፅ አልባው ሲኒማ ሲመጣ ሌሎች ተዋንያን ሊማሩት የተቸገሩበት ቋንቋ ለእርሱ የአፍ መፍቻው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 የኖትርዳሙን ጐባጣ፣ በ1925 የኦፔራውን መንፈስ ሲጫወት ከዚያ ሁሉ የፊት ቅብና ከዚያ ሁሉ የጀርባ ሸክም በስተጀርባ የሚታየው ሰው እንዲሰማ የሚጣጣር ሰው ነው። ቤላ ሉጎሲ እ.ኤ.አ. በ1882 ያኔ በሀንጋሪ ሥር በነበረችው በሉጎስ ተወለደ፤ በቡዳፔስት ብሔራዊ ቴያትር ሠራ፤ በ1919 አብዮት ጊዜ የተዋንያንን ማኅበር ካደራጁት አንዱ ሆነ፤ አብዮቱ ሲወድቅ ተሰደደ። በ1931 በድራኩላ ፊልም ውስጥ ያ ከባድ የስደተኛ አነጋገሩ የዓለም ሁሉ የደም መጣጭ ድምፅ ሆነ። ሆሊውድ ግን ከዚያ ድምፅ ሌላ ነገር አልፈለገበትም። በ1956 ሲሞት የድራኩላን ካባ ለብሶ ተቀበረ። በስደት ላይ ያለ ጥበበኛ በአንድ ጭንብል ውስጥ ታስሮ የመሞቱ ታሪክ ከብዙ ትራጄዲ የሚበልጥ ትራጄዲ ነው።

ካርሎፍ ደግሞ አለ። ትክክለኛ ስሙ ዊልያም ሄንሪ ፕራት ሲሆን ለንደን ተወልዶ ካናዳና አሜሪካ ውስጥ በጉልበት ሥራ ሲንከራተት የኖረ ሰው ነው። ጄምስ ዌል እ.ኤ.አ. በ1931 ፍራንከንስታይንን ሲሠራ የአውሬውን ሚና ሰጠው። በፊልሙ መግቢያ ላይ የተዋንያን ስም ሲዘረዘር በአውሬው አንጻር ስም አልተጻፈም፤ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተቀመጠ። ይህ ስም የለሽ ሰው በከባድ ጫማና ጃክ ፒርስ በየቀኑ ለሰዓታት በሚሠራለት የፊት ቅብ ሥር ሆኖ አንድም ቃል ሳይናገር ታላቅ ሥራ ሠራ። በሐይቅ ዳር ያለውን ትዕይንት ያየ አይረሳውም። አንዲት ትንሽ ልጅ ሳትፈራው አበባ ትሰጠዋለች፤ አበቦቹ በውኃው ላይ ሲንሳፈፉ አይቶ ይደሰታል፤ አበባው ሲያልቅ ልጅቷም እንደ አበባ የምትንሳፈፍ መስሎት ወደ ውኃው ይወረውራታል። ሳንሱር የውርወራውን ክፍል ቆርጦ አወጣው። የሆነው ነገር አስቂኝም አሳዛኝም ነው። ተመልካቹ የአውሬውን እጅ ወደ ልጅቷ ሲዘረጋ ያያል፤ ቀጥሎ አባት የልጁን አስከሬን ታቅፎ ሲሄድ ያያል፤ በመካከሉ የሆነውን ራሱ እየፈጠረ ካደረገው ሺህ ጊዜ የከፋ ወንጀል በአውሬው ላይ ይጭንበታል። የተቆረጠው ክፍል ወደ ቦታው የተመለሰው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በ1980ዎቹ ነው። የማይታየውን መሙላት የሰው ልጅ የቆየ ልማዱ ነው፤ የሚሞላበትም ነገር አብዛኛውን ጊዜ መልካም አይደለም።

ካርሎፍ በ1933 የአሜሪካ የፊልም ተዋንያን የሠራተኛ ማኅበር ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ እንደነበረ ሳይጠቅሱ ማለፍ ነውር ነው። ጭራቁን የተጫወተው ሰው ለባልንጀሮቹ የዕረፍት ሰዓት ሲታገል ኖሯል።

አሁን ወደ ፍላቂት። ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚዘልቀው መንገድ የላሊበላን መገንጠያ ጋሸናን ካለፈ በኋላ፣ ጨጨሆ ሳይደርስ፣ በመቄት ደጋ ላይ የሚያገኛት ከተማ ናት። ደጋው ገላጣ ነው፤ ብርዱ ብርቱ ነው፤ ሌሊቱ ረዥም ነው። ጅብ ሲጮህ ድምፁ ከሩቅ ይመጣል። በዚህ አገር፣ ከመቄት እስከ ላስታ፣ ከላስታ አልፎ በመላው የሰሜን ደጋ፣ የጅብ ጩኸት የጅብ ጩኸት ብቻ ሆኖ አልኖረም። ልጅ አልጋ ላይ ታሞ ሲንቀጠቀጥ፣ ሌሊት ሲለፈልፍ፣ እናት የበሽታውን ስም ሳትጠይቅ የሰው ስም ትጠይቃለች፤ «ማን በላው?» ትላለች። ጢስ ይታጠናል። በታማሚው አፍ እየተናገረ ነው የሚባለው መንፈስ ስሙንና መንደሩን እንዲናገር ይጨነቃል። ስም ይወጣል። የሚወጣውም ስም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የታወቀ ነው፤ ቀጥቃጩ ነው፤ ሸክላ ሠሪዋ ናት።

በፍላቂት ገበያ ማረሻ የሚገዛ ገበሬ ያለዚያ ማረሻ አንድ ትልም ሊያወጣ አይችልም። ሚስቱም ያለ ምጣድ አትጋግርም፤ ያለ እንስራ ውኃ አትቀዳም። ማጭዱም፣ ፋሱም፣ ጀበናውም ከእነዚያው ሰዎች እጅ የወጡ ናቸው። ነገር ግን በብዙ ቦታ ማረሻውን የሠራው ሰው ዘመናት ሙሉ ርስት አልነበረውም፤ ገበሬው ልጁን አይድርለትም ነበር፤ ማዕዱንም ከዓይኑ ይሰውርበት ነበር። ሌሊት ጅብ ሆኖ ይሄዳል ተባለ። እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ሲኖር ጆሯቸው ላይ የወርቅ ጉትቻ የተገኘባቸው ጅቦች አሉ የሚለውን ወሬ ጽፎ አስቀርቷል። ወርቅ አንጣሪው ሌሊት ተለውጦ ሲወጣ ጌጡን ማውለቅ ረሳ ማለት ነው። ወሬኛ ለማስረጃ ችግር የለበትም።

ከዚህም የጠለቀ ተረክ አለ። አሜሪካዊው የባህል ተመራማሪ ሮናልድ ሬሚኒክ ስለ መንዝ የቡዳ እምነት እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት እንደተመዘገበው ቡዳው የበላውን ሰው አስከሬን ከመቃብር አውጥቶ ያስነሣዋል፤ ባሪያ አድርጎም ያሠራዋል፤ እንግዳ ሲመጣ ሙቱን በዘንግ ነክቶ ማሰሮ ያደርገዋል ይባላል። ይህን ያነበበ የሲኒማ ወዳጅ በ1932 የተሠራውንና ሉጎሲ የተጫወተበትን የሄይቲ የሙታን ፊልም ሳያስታውስ አይቀርም። በዚያ ፊልም ውስጥ ከመቃብር የተነሡ ሠራተኞች በስኳር ፋብሪካ ውስጥ ወፍጮውን ሲያዞሩ ይውላሉ፤ አንዱ ወደ ወፍጮው ሲወድቅ ሌሎቹ ቀና ብለው እንኳ አያዩም። ፊልሙ ፍርሃቱን የተከለው በትክክለኛው ቦታ ነው፤ ሙታንን የሚያሠራው የፋብሪካው ጌታ ነው። የደጋው ተረክ ግን ነገሩን ገልብጦታል። መሬት የሌለው፣ ለሌላው ሲቀጠቅጥ የሚያድረው ሰው በተረኩ ውስጥ ባለ ባሪያ ሆነ፤ በጉልበቱ የሚኖሩት ሰዎች ተበዳይ ሆኑ። የገዛ ግፉን በሌላው ላይ ጭኖ ማልቀስ የሰው ልጅ ጥንታዊ ድራማ ነው። ተመልካች ሆኖ የሚያየው ከሌለ ግን ድራማ መሆኑ አይታወቅም።

ሕግ ሥራውን አልሠራም አይባልም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት ዐዋጅ ባለ እጅን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ርስት ላልነበረውም የማረስ መብት ሰጠ። መቶ ዓመትና ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ዐዋጆች ናቸው። ይሁን እንጂ ዐዋጅ አደባባይ ላይ ይነበባል እንጂ ሕልም ውስጥ ገብቶ አይነበብም። ቡዳ የሚኖረው ደግሞ በሕልም፣ በጨለማ፣ በጅብ ድምፅና በታመመ ልጅ ትኵሳት መካከል ነው። ወደዚያ ስፍራ መግባት የሚችል ኃይል ቢኖር ጥበብ ነው፤ ከጥበባት ሁሉ ደግሞ በጨለማ ክፍል ውስጥ የሚሠራው አስፈሪ ፊልም ነው። ዘርፉን የሚንቅ ሐያሲ ይህን መሣሪያ ከእጁ ጥሎ ስለ ኋላ ቀር ልማድ ንግግር ሊያደርግ ይነሣል። ንግግሩ ለተናጋሪው ጆሮ ይጥም ይሆናል። እናቲቱ ግን ጢሱን ታጤሳለች።

አስፈሪ ፊልም በሌላ አገር ይህን ሥራ እንዴት እንደሠራ የ1941ዱ የተኩላው ሰው ምስክር ነው። ላሪ ታልቦትን የሚጫወተው ያ የሎን ቼኒ ልጅ ነው። ታልቦት ሰውን ሊያድን ገብቶ ይነከሳል፤ ከዚያም ሳይወድ በግዱ ሌሊት አውሬ ይሆናል። ይፈራል፤ ራሱን እንዲያስሩት ይለምናል፤ የሚያምነው አያገኝም። በመጨረሻም በብር እጀታ ዱላ ደብድቦ የሚገድለው የወለደው አባቱ ነው፤ የገደለው ማን እንደሆነ የሚያውቀውም አውሬው ሲሞት ወደ ልጁ መልክ ሲመለስ አይቶ ነው። ድርሰቱን የጻፈው ከርት ሲዮድማክ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከጀርመን የተሰደደ አይሁዳዊ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ተኩላው ቀጥሎ በሚገድለው ሰው መዳፍ ላይ የኮከብ ምልክት ያያል። ይህን ምልክት ያዩ ሁሉ በዚያው ዘመን አውሮፓ ውስጥ በሰው ልብስ ላይ ይሰፋ የነበረውን ኮከብ አስታውሰዋል። ሰው በሰው ላይ ምልክት ሲያደርግ ምን እንደሚከተል የሚያውቅ ደራሲ አንድ ተራ የተኩላ ተረት ሰጥተውት ከዚህ አደረሰው።

የ1935ቱ የፍራንከንስታይን ሙሽራ ደግሞ ለቡዳ አገር የተጻፈ ይመስላል። ሕዝብ ችቦ ይዞ የሚያሳድደው አውሬ በጫካ ውስጥ የአንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ጎጆ ያገኛል። ሽማግሌው ቫዮሊን ይጫወትለታል፤ ያበላዋል፤ ያጠጣዋል፤ «ወዳጅ» የሚለውን ቃል ያስተምረዋል። የካርሎፍ ዓይን እንባ ያቀርራል። ከዚያ ዓይን ያላቸው ሰዎች መጡ። አዩት፤ ጮኹ፤ ጎጆው ነደደ። ለዘመናት ስለ ክፉ ዓይን ሲነገር ዓይኑ የቀጥቃጩ ነው ተብሎ ሲታመን ኖረ። ይህን ትዕይንት ያየ የመቄት ወጣት ግን ክፉው ዓይን ማን ፊት ላይ እንዳለ ራሱ ያገኘዋል፤ አስተማሪ አያስፈልገውም።

ዘርፉ ባዕድ ነው የሚለው ክስ በዚህ ጊዜ ደርሶ ቢሆን ወደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሄዶ ማየት ይችላል። በላዔ ሰብእ የሚባለውን ታሪክ የማያውቅ የደጋ ልጅ የለም። እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ የነበረ ሰው ነው። ሰይጣን በእንግዳ መልክ መጥቶ ልጁን አርዶ እንዲያበላው ጠየቀው፤ ካረደ በኋላም አስቀድመህ ቅመስ አለው። ከቀመሰ በኋላ ሌላ ምግብ አላሰኘውም። ሰባ ስምንት ሰው በላ፤ ቤተሰቡንም ጭምር። አንድ ቀን በውኃ ጥም የተቃጠለ፣ ገላው የቆሰለ ድሃ በመንገድ ዳር አገኘ፤ በእመቤታችን ስም ሲለምነው አንድ እፍኝ ውኃ ሰጠው። በፍርድ ቀን ሚዛን ላይ ሰባ ስምንቱ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ያች እፍኝ ውኃ በሌላ ወገን ሆነች፤ የድንግል ጥላም አረፈባት። በየካቲት 16 ቀን በየዓመቱ የሚዘከር ታሪክ ነው፤ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይም ተሥሎ ይታያል። ይህ ታሪክ ከማንኛውም የሆሊውድ አስፈሪ ፊልም ይበልጥ ያስፈራል፤ ይበልጥም ይራራል። ጭራቁ ከሰማይ አልወረደም፤ መልካም ሰው በተንኮል ጭራቅ ተደረገ። ተመልካቹ እንዲፈራው ብቻ አልተፈቀደለትም፤ እንዲድን እንዲመኝለት ይገደዳል። ካርሎፍ በሐይቁ ዳር የሠራው ሥራ ይኸው ነው። ከላሊበላ ብዙ ሳይርቅ በዋሻ ውስጥ ወደተሠራው ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚሄድ ምእመንም ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተከምሮ የሚታየውን የብዙ ሙታን አፅምና ያልፈረሰ ገላ አይቶ፣ ጸልዮ፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ላስታ ከሞት ጋር ፊት ለፊት መተያየት የሚችል አገር ነው። ሆሊውድ ያስደነግጠዋል ብሎ የሚሳሳለት ሐያሲ ላስታን አያውቀውም።

የመጨረሻው ክስ ከሌሎቹ ይከብዳል፤ በቅን ልብ የሚያነሡት ሰዎችም አሉ። ወሎ የ1966ቱን ረሀብ አይቷል፤ የ1977ቱን አይቷል። መቄትና ላስታ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጦርነት በደጃቸው ሲያልፍና ሲመለስ ኖረዋል። ለእንዲህ ያለ ሕዝብ ጭራቅ ማሳየት በቁስል ላይ እንጨት መስደድ አይሆንም ወይ? ታሪክ የሚመልሰው ሌላ ነው። ዘርፉ የተወለደው ከጠገበና ከተኛ ሕዝብ መካከል አይደለም። የጀርመኑ የዶክተር ካሊጋሪ ፊልም በ1920 የወጣው ሚሊዮኖች ካለቁበት ጦርነት ማግስት ነው። ከሁለቱ ደራስያን አንዱ ሃንስ ያኖቪትስ ወታደር ሆኖ ከዚያ ጦርነት የተመለሰ ነው፤ በእንቅልፉ እየሄደ በአለቃው ትእዛዝ ሰው የሚገድለው ወጣት ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጥበብ አይጠይቅም። ድራኩላና ፍራንከንስታይን በ1931 አሜሪካ ውስጥ ሲታዩ ሥራ አጡ ለዳቦ ተሰልፎ ነበር። ሞትን ያየ ሕዝብ ፍርሃት አይጎድለውም፤ የሚጎድለው የፍርሃቱ መልክ ነው። መልክ ያላገኘ ፍርሃት በየቤቱ ይዞራል፤ በመጨረሻም ደካማውን ጎረቤት መርጦ ያርፍበታል።

በዚህ ነጥብ ላይ ወሎ ራሷ ያላት ማስረጃ አለ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሀብ ያሳየበት ፊልም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀጣጥሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ምስሎቹን የቀጣጠሉት ሰዎች ዓላማ ሌላ ምዕራፍ ነው፤ የተከተለውም ዘመን ብዙ የሚያስለቅስ ሆኗል። ስለ ሲኒማ ግን ያ ማታ አንድ ነገር አሳይቷል። ሕዝቡ ረሀቡን በወሬ ያውቀው ነበር። በመጋረጃ ላይ ፊት ሲያገኝ ነው የበላው ማን እንደሆነ የጠየቀው። «ማን በላው?» የሚለው የእናት ጥያቄ ለአንድ ጊዜ ትክክለኛውን አቅጣጫ ያዘ።

እስካሁን የተወቀሱት የሚንቁት ናቸው። የሚሠሩትም አይተርፉም። አስፈሪ ነገር በአማርኛ ፊልም ውስጥ ብልጭ ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ጠንቋይ ነው፤ ቀይ መብራት ነው፤ ድንገት የሚጮህ ሙዚቃ ነው፤ በመጨረሻም የተጠረጠረው ሰው በእርግጥ ጥፋተኛ ሆኖ ይገኛል። ይህ አሠራር የመንደሩን ሐሜት በካሜራ ማኅተም ማጽደቅ ነው። ሐሜቱ እስካሁን በአፍ ብቻ ይነገር ነበር፤ አሁን የታየ ሆነለት። ቡዳውን በእርግጥ ጅብ ሲሆን የሚያሳይ ፊልም ከሚሠራ ምንም ባይሠራ ይሻላል። ገበያ ይፈልገዋል የሚለው መልስም የሚያሳፍር መልስ ነው፤ ገበያው ክታብንም ይፈልጋል።

ገንዘብ የለም የሚለው ምክንያት ደግሞ ለዚህ ዘርፍ ከሁሉ ይልቅ አያገለግልም። ቫል ሉተን የሚባለው አዘጋጅ በ1942 ስለ ድመት ሰዎች ፊልም እንዲሠራ ሲታዘዝ የተሰጠው ገንዘብ ጥቂት ነበር። እርሱና ዳይሬክተሩ ዣክ ቱርነር አውሬውን ለማሳየት አቅም ስላልነበራቸው ጥላውን አሳዩ። ሲሞን ሲሞን የምትጫወታት ስደተኛ ሴት አውሬ መሆኗን በራሷ ላይ ታምናለች፤ መንደሯ በልጅነቷ አሳምኗታልና። ይህችን ሴት በሻሽ፣ በነጠላና በጭቃ ቤት ውስጥ አስቀምጦ ማየት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። በፊልሙ ውስጥ አንዲት ሴት በጨለማ መንገድ ስትሄድ ከኋላዋ የእግር ኮቴ ይሰማል፤ ኮቴው ይጠፋል፤ ዝምታው ይረዝማል፤ ድንገት የሚያጓራ ድምፅ ይመጣል፤ አውቶቡስ ነው። አውሬ አልነበረም። ተመልካቹ ግን ልቡ ቆሞ ነበር። ጆርጅ ሮሜሮም የ1968ቱን የሙታን ሌሊት የሠራው በትንሽ ገንዘብና በአንድ የገጠር ቤት ውስጥ ነው። ዱዌን ጆንስ የሚጫወተው ጥቁር ሰው ሌሊቱን ሙሉ ከሙታን ጋር ታግሎ ይተርፋል። ሲነጋ ሊያድኑ የመጡት ባለ ጠመንጃዎች በመስኮት አይተው በጥይት ይመቱታል፤ ማን እንደሆነ አልጠየቁም።

ለፍላቂት የሚያስፈልገው ፊልም ከዚህ የበለጠ ወጪ አይጠይቅም። ወናፍና መዶሻ ያለበት አንድ የቀጥቃጭ ቤት ይበቃል። አጠገቡ የታመመ ልጅ ያለበት አንድ የገበሬ ቤት ይቁም፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ በጨረቃ ብርሃን ይታይ። ጅቡ መታየት የለበትም፤ ድምፁ ብቻ ከጨጨሆ በኩል ይምጣ። ካሜራው እንደ ልማዱ ከገበሬው ቤት ወደ ውጭ አይመልከት። ቀጥቃጩ ቤት ውስጥ ይግባና ከዚያ ይመልከት፤ ከምድጃው ፍም በቀር ብርሃን አይኑር፤ ወናፉ ይቁም። ቀጥቃጩን የሚጫወተው ተዋናይ እንደ ካርሎፍ አንድም ቃል ሳይናገር ማዳመጥ የሚችል መሆን አለበት። ጅቡ ሲቀርብ ሚስቱ ልጆቿን ወደ ጓዳ ትሰብስብ፤ በሩን በመወርወሪያ ትቀርቅር፤ ጀርባዋንም ትስጥበት። ከዚያ ከጎረቤት ቤት የታመመው ልጅ መለፍለፍ ይሰማ፤ ጢሱም በግድግዳው ስንጥቅ ይግባ፤ ስማቸው እስኪጠራ ድረስ ሁሉም ዝም ብለው ይቀመጡ።